«ብዙ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ቢሯችን፣ ወደ ጅቡቲ የሚላክ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ሳርም «ኤ ላርጅ አማውንት ኦፍ ትራክስ» የሚል ሐረግ አገኘሁ። «አማውንት» እንደ ውሃና ስኳር በአንድ፣ በሁለት ለማይቆጠሩ ነገሮች የሚያገለግል ቃል ሲሆን፣ የጭነት መኪና ግን የሚቆጠር በመሆኑ «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ ትራክስ» መባል ነበረበት።

ስህተቱ ከቸልተኝነት የመጣ አይመስለኝም። በአማርኛ «ብዙ ውሃ» ስንልም «ብዙ መኪና» ስንልም አንዱ «ብዙ» ለሁለቱም ይበቃል፤ «ብዙ ሰው መጣ» ብለን ግሱን በነጠላ ብናስርም ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ኤ ነምበር ኦፍ ትራክስ» ካልን በርካታ መኪኖች ማለታችን ስለሆነ ግሱ «አር» ይሆናል፤ «ዘ ነምበር ኦፍ ትራክስ» ካልን ደግሞ የምንናገረው ስለ ቁጥሩ ስለሆነ «ኢዝ» ይከተላል። ከስም በፊት ከምትገባ እንደ «ኤ» ወይም «ዘ» ካለች ትንሽ ቃል (መስተአምር) የሚመጣው ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ይህን ሳስረዳት ሪፖርቱን ያዘጋጀችው ወጣት ባልደረባዬ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ኢኩዊፕመንትስ ብዬ የጻፍኩትስ?» አለችኝ። እርሱም የማይቆጠር ስም በመሆኑ የብዙ ቁጥር ምልክት አይጨመርበትም፤ ሁለት መሣሪያ ለማለት «ቱ ፒስስ ኦፍ ኢኩዊፕመንት» ይባላል። ጥያቄዋ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ሪፖርቱን ከመላካችን በፊት «ኢንፎርሜሽንስ» የተባሉትን ሦስት ቦታዎች ራሷ ፈልጋ አስተካከለቻቸው።