ግራጫው ሁሉ መሬት አይደለም

ፊንላንድ ውስጥ ሃንካሳልሚ ከሚገኘው የሱፐርዳርን ራዳር (ሱፐርዳርን የላይኛውን ከባቢ አየር ፍሰት የሚለካ ዓለም አቀፍ የራዳሮች መረብ ነው) የተመዘገበ የአንድ ሙሉ ሌሊት መረጃ ባለፈው ሳምንት ራሴ አንብቤ ጨረስሁ። ድሬዳዋ ላይ ተቀምጬ አውሮራን፣ ማለትም በዋልታዎች አካባቢ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ብርሃን፣ በዓይኔ ማየት ባልችልም፣ ከእርሱ ጋር አብሮ የሚነጉደውን የአዮኖስፌር (የኤሌክትሪክ ሙላት ያለው የላይኛው ከባቢ አየር) ፍሰት በቁጥር መከተል መቻሌ ትልቅ ደስታ ሰጥቶኛል።

ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ መማሩና የሱፐርዳርንን መረጃ የሚያነበውን ፓይዳርን የተባለ ፕሮግራም መጫኑ ብዙ አላስቸገረኝም። መረጃው በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚመዘገብ፣ 18፡00 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት መሆኑን ብቻ ከመጀመሪያው ልብ በሉ።

ያሰቃየኝ በመረጃው ሥዕል ላይ የሚታየው ግራጫ ቀለም ነው። ራዳሩ በ10 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የሚልከው ሞገድ 30 ሜትር ርዝመት አለው፤ የሚመለስለትም በአዮኖስፌር ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ክምችት በ15 ሜትር ልዩነት ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው። ይሁንና ከሞገዱ ከፊሉ አዮኖስፌር ውስጥ ጎብጦ ወደ መሬት ይወርድና፣ ከየብስ ወይም ከባሕር ተበትኖ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። መሬት ስለማይንቀሳቀስ የዚህኛው ፍጥነት ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ስለዚህ በተለመደው መለያ፣ ከ30 ሜትር በሰከንድ ላይ የስፔክትረሙ ስፋት (በአንዱ ተመላሽ ውስጥ ፍጥነቶቹ ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚያሳየው ቁጥር) ሲሶ ተቀንሶ የሚቀረው ቁጥር ከፍጥነቱ ከበለጠ፣ ተመላሹ «የመሬት» ተብሎ ግራጫ ይቀባል።

እኔም ለሁለት ወር ያህል ግራጫውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ስሰርዝ ቆየሁ። በካርታዬ ላይ፣ ፍሰቱ ይበረታል ብዬ በጠበቅሁበት ቦታ መካከል፣ ባዶ ስንጥቅ ይታይ ነበር፤ ጥፋቱን በራዳሩ ላይ አሳብቤ ለጥናት ጓደኞቼም እንዲያው አስረዳኋቸው። የገባኝ አንድ ቀን ከዚራ መንገድ ዳር ቆሜ ባጃጆችን ስመለከት ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ባጃጅ ፍጥነቱ ይታወቀኛል፤ ፊት ለፊቴ አቋርጦ የሚያልፈው ግን የቱንም ያህል ቢበር፣ በዚያች ቅጽበት ወደ እኔ አይቀርብም፣ ከእኔም አይርቅም። ራዳሩ የሚለካው መቅረብንና መራቅን ብቻ ነው።

በዚያው ምሽት ራዳሩ በተለያየ አቅጣጫ የሚልካቸውን፣ ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩትን 16 ጨረሮች ጎን ለጎን ደረደርኋቸው። በሁለት ጨረሮች መካከል 3.24 ዲግሪ አለ። በ500 ሜትር በሰከንድ የሚጓዝ ወጥ ፍሰት 7ኛውን ጨረር በቀጥታ ቢያቋርጥ እዚያ ዜሮ ይነበባል፤ 22.7 ዲግሪ በሚርቀው 0ኛ ጨረር ላይ ግን ወደ 193 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ምልክቱ ይገለበጣል። የመሬት ተመላሽ ቢሆን ኖሮ በሁሉም ጨረር ላይ ዜሮ አካባቢ በቀረ ነበር። የሰረዝሁት ስንጥቅ አውሮራውን የሚያጅበው ፍሰት ራሱ ነበር።

ስለዚህ ጀማሪ በተዘጋጁ የፍሰት ካርታዎች መጀመር የለበትም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። እነዚያ ካርታዎች መረጃ የሌለበትን ቦታ በስታቲስቲክስ ሞዴል ስለሚሞሉት፣ የተለካውና የተገመተው በአንድ መልክ ይቀርባሉ። አንድን ሌሊት ጨረር በጨረር ማንበብ አድካሚ ነው፤ እኔ ግን ሌላ መንገድ አልመክርም።

ፍሰቱ በእውነት የሚዘገይባቸውን ሰዓታት ግን፣ ያኔ በሁሉም ጨረር ላይ እንደ መሬት ዜሮ አካባቢ ስለሚነበብ፣ በዚህ ዘዴ መለየት አልቻልሁም። ሞገዱ የተመለሰበትን የከፍታ ማዕዘን ከራዳሩ ረዳት የአንቴና ድርድር ማስላት እስክችል ድረስ፣ እነዚያን ሳልሰርዝ ምልክት አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ።