ከስንት?

ሱሉልታ ዛሬም ጉም ለብሳ ነው ያደረችው። ባጃጅ ፍለጋ ስወጣ ገና ከበሩ ሳልርቅ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። ልቤም አብሮ የገባ መሰለኝ። ነሐሴ እንዲህ ያደርገኛል፤ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። አልታመምኩም፣ ከማንም አልተጣላሁም። እንዲሁ ይከፋኛል።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ ብልቃጧ ነው።

ላብራቶሪያችን ያዘዛት ብልቃጥ መጣች! ከአራት ወር በኋላ። ካርቶኑ የጫማ ካርቶን ያህላል። ውስጡ የበረዶ ከረጢት፣ ከበረዶው መሃል ደግሞ የትንሽ ጣቴን ጫፍ የምታህል ብልቃጥ። ከታች ጠብ ያለች ፈሳሽ አለች፤ 100 ማይክሮሊትር። ጽዳት የሚሠሩልን እትዬ አየት አደረጉና «ሱባኤ የገባችሁት ለዚች ነው?» አሉ። አዎ እትዬ፣ ለዚች ነው።

ፀረ ሲዲፎር ናት። ከአይጥ ሴል የተገኘ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ሆኖ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት። ደም ውስጥ ሲጨመር ስንቱን ነገር አልፎ ሄዶ፣ ሲዲፎር የሚባለውን የሴል ሽፋን ላይ የቆመ ተቀባይ ብቻ ይይዛል። ከዚያ ማሽኑ ሴሎቹን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያሳልፋቸዋል። ያበራው ሲዲፎር ያለው ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ብልቃጧ ላይ በደቃቅ ፊደል «ለምርምር ብቻ፤ ለሕመምተኛ ምርመራ አይውልም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አለ። ሁሌም አለ። አንብቤው አላውቅም ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ዐይኔ እዚያ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ሲዲፎርን የማውቀው ከምርምር በፊት ነዋ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ደም ውስጥ የሚቆጠሩት የመከላከያ ሴሎች መጠሪያ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚባል ቃል ነበር። «ሲዲፎሯ ወርዶ ነው አሉ።» «ተመስገን፣ ሲዲፎሩ ተነሥቶለታል።» ሴል ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሲዲፎርን ያውቅ ነበር። የበሽታውን ስም ላለመጥራትም ይጠቅም ነበር መሰለኝ።

ያኔ ሽሮ ሜዳ ነበር የምንኖረው። ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየ ጋሼ ተ. የሚባል አስተማሪ ነበር። ማታ ማታ ሒሳብ ያስጠናኝ ነበር። አንድ ነገር ላይ ጥብቅ ነው። ፈተና ተመልሶልኝ «ስምንት አገኘሁ!» ብዬ ስሮጥ ስመጣ «ከስንት?» ይለኛል። ከስንት እንደሆነ ያልተነገረ ውጤት ውጤት አይደለም ይላል። ከስምንት ስምንትና ከሃያ ስምንት አንድ ናቸው እንዴ?

1997 ዓ.ም. ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። አንድ ቀን የታጠፈ ወረቀት ይዞ መጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እማዬ ወጣች። ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰማንያ ሰባት» አላት።

እኔ ከኋላ ሆኜ «ከስንት?» አልኩ።

ዝም።

«ከመቶ ነው?» አልኩ። አሁንም ዝም። «ጎበዝ ጋሼ!» አልኩና አጨበጨብኩ።

እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን ሳቀ። እየሳቀ ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው «አዎ ሚሚዬ፣ ከመቶ ነው» አለኝ።

ከመቶ አልነበረም። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 87 ሴል ማለት ነው። ማይክሮሊትር ዛሬ የዘወትር እንጀራዬ ነው፤ ፒፔቴ ጫፍ ላይ ካላተኮሩ የማትታይ ጠብታ ናት። ጤነኛ ሰው እዚያች ጠብታ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ500 በላይ አለው። ያኔ መድኃኒት የሚጀመረው ከ200 በታች ሲወርድ ነበር። ጋሼ ተ. ያንን አልፎ ወርዶ ነበር።

መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ጀመረ። ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ማርያም ጸበል ይወጣ ነበር፣ ኪኒኑን ኪሱ ውስጥ ደብቆ። አንዳንዱ ጸበልተኛ «ወይ እምነት ወይ ኪኒን» ይል ነበርና። እሱ ሁለቱንም ያዘ። የሒሳብ ሰው አይደል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን 87 የቆጠረው ማሽን ውስጥም የነበረው እንዲህ ያለው አንቲቦዲ ነው፣ የዚችው የብልቃጧ ዘመድ። ኮለርና ሚልስታይን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1975 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ውስጥ የአይጥ ጣፊያ ሴልን ከካንሰር ሴል ጋር አዋህደው አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ የሚያመርት ሴል ሠሩ። በ1984 ኖቤል አገኙበት። ፓተንት ግን ሳይወጣበት ቀረ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያለው ላብራቶሪ የየራሱን አንቲቦዲ እየሠራ የየራሱን ስም አወጣ። ሲዲፎርን አንዱ ኦኬቲ-ፎር ይለዋል፣ ሌላው ሊዩ-ስሪ። የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ የሰፈር ስም እንደማለት ነው። ፓሪስ ላይ በ1982 ተሰብስበው ነው በቁጥር እንጥራቸው የተባባሉት። አራት ቁጥር የደረሰችው ለዚህኛው ሆነች። እዚያ የነበረ ሰው ይህች ስም አንድ ቀን ሽሮ ሜዳ ደረጃ ላይ በሹክሹክታ ትነገራለች ብሎ አያስብም።

ወደ ዛሬ ልመለስ። አዲስ አንቲቦዲ ሲመጣ መጠኑን መሞከር ግድ ነው። 5 ማይክሮሊትር፣ 2 ተኩል፣ 1 ከሩብ እያልን እናወርዳለን። ትንሹ ከበቃ ብልቃጧ ትበረክታለች። ለሙከራው የማን ደም ይሁን ሲባል፣ እጄን ዘረጋሁ።

ተለማማጇ ልጅ ማሽኑ ላይ ናት። ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ቀኝ በኩል የሚያበሩት፣ ግራ በኩል የማያበሩት። መሃል ላይ ደግሞ ፈዘዝ ያሉ አሉ። «እነዚህስ ምንድናቸው?» አለች። ሞኖሳይት የሚባሉ ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ እነሱም ሲዲፎር አላቸው፣ ጥቂት። ይህን ያስረዳኋት በተረጋጋ የአስተማሪ ድምፅ ነው። ልቤ ግን ይመታል። ለምን? ምንም የለብኝም እኮ። «ለምርምር ብቻ» ነው እኮ የሚለው።

«ሠላሳ ስምንት» አለች።

«ከስንት?» አልኩ። አፌ ነው ያለው።

«ከመቶ ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። ብዛታቸው የታወቀ ጥቃቅን መቁጠሪያ ዶቃዎች ደሙ ውስጥ ካልተጨመሩ ማሽኑ የሚሰጠን መቶኛ ነው፤ ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎቼ 38ቱ ከመቶ። ሃያ ዓመት አልፎ ጥያቄዬ ትክክል ሆነ። ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ኮሪደር ወጣሁ።

ልጅቷ «ሲዲፎር» ስትል የቀበሌ ቁጥር እንደምትጠራ ነው። ደስ ይላል፣ በእውነት። ዛሬ መድኃኒት ለመጀመር ሲዲፎር እስኪወርድ አይጠበቅም፤ የሚከታተሉትም በዋናነት የቫይረሱን መጠን ነው። ቃሉ ተመልሶ የላብራቶሪ ቃል ሆነ። ታዲያ ለምን ትንሽ ቅር አለኝ?

ጋሼ ተ. ከሁለት ዓመት በኋላ ግቢውን ለቀቀ። እማዬ አንድ ጊዜ ሳሪስ አካባቢ አይታው «ወፍሯል» ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ አላውቅም። ቁጥሩን መፈለግ እችል ይሆናል። ግን ምን ልለው ነው? ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር፣ ግቢው ሁሉ እንደማያውቅ ሆኖ ነው አብሮት የኖረው። እኔ አሁን ተነሥቼ «ጋሼ፣ ያ ሰማንያ ሰባት ምን እንደሆነ ገባኝ» ልበለው?

መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆነው፤ ይህን የምጽፈው በሻማ ነው። ጄኔሬተሩ ላብራቶሪው ጋ ተነስቶ ይሆን ፍሪጁ…

ቆይ። ብልቃጧ።

ብርሃን እንዳያገኛት በፎይል ጠቀለልኳት። በረዶ ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ ሠላሳ ስምንት ተባለ። ከዚያ ኮሪደር። ከዚያ… ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው ማደር ያለባት፤ ለተለማማጇ በቀን ሦስቴ የምለፈልፈው ይህንኑ ነው።

ዘበኛው ጋ ደወልኩ። «ዶክተር፣ ምነው በደህና?» አሉኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ። በመስኮት በባትሪ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ሄዱ፣ ተመለሱ።

«ጠረጴዛው ላይ በፎይል የተጠቀለለች ነገር አለች» አሉ። «ምሳሽን ሳትበዪ ነው እንዴ የወጣሽው?»

ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። በዚህ ሰዓት ባጃጅ የለም። ጅቦቹ ግን ሥራ ገብተዋል፤ ይሰማኛል።