ውድ ጎማ፣ የሌላ መኪና ጎማ

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ፣ ወደ አንድ ጎማ ቤት የገባችው መኪና የ2014 ፖርሸ 911 ካሬራ 4ኤስ ነበረች። ባለቤቷ የኋላ ጎማዎቹን ሌላ ቦታ ካስቀየሩ ወር አልሞላቸውም። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሰላም አልሰጠቻቸውም። ጠባብ ማቆሚያ ውስጥ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ከሥር የሆነ ነገር የያዛት ይመስል ትንገራገጫለች። ረጅም መንገድ ከተነዳች በኋላ ከፊት በኩል ማጉረምረም ይሰማል። ዝናብ በጣለ ቀን ደግሞ የመረጋጊያው (መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት) መብራት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብልጭ ይላል። ጎማውን የቀየረላቸው ቤት «አላይመንት ነው» ብሎ አላይመንት ሠርቶ አስከፍሏቸዋል፤ ለውጥ ግን የለም።

ጎሚስታው መኪናዋን ከፍ ሳያደርግ በፊት ተንበርክኮ የኋላውን ጎማ ጎን በስልኩ መብራት አነበበ። አቧራውን በአውራ ጣቱ ሲጠርገው የወጣው ጽሑፍ 295/35 ዜድአር 20፣ 105 ዋይ፣ ኤክስኤል (ለተጨማሪ ጭነት የተጠናከረ) ይላል፤ ከጎማው ስም አጠገብ ደግሞ ትንሽዬ ኬ1 አለች። የፊቱ 245/35 ዜድአር 20፣ 91 ዋይ፣ ኤን1 ነው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለው ተለጣፊ ግን ለኋላ የሚጠይቀው 305/30 ዜድአር 20 ነው።

«ጋሼ፣ የኋላው ጎማ የዚች መኪና አይደለም።»

«እንዴት ልጄ? ከፊቱ የበለጠ ከፍዬበታለሁ እኮ። የፌራሪ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ።»

«ልክ ነው፣ የፌራሪ ነው። ችግሩም እሱ ነው።»

ኬ1 ፒሬሊ ለፌራሪ በሚሠራቸው ጎማዎች ላይ የሚያትመው ምልክት ነው፤ 295/35 በ20 ኢንች ደግሞ የፌራሪ 458 የኋላ ልክ ነው። ጎማው ራሱ እንከን የለበትም። ሻጩ 305/30 አልቆበት፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን «ከሱም የተሻለ» ብሎ ሰጣቸው። ወረቀት ላይ ሲታይ ማንንም ያሳምናል። ቸርኬው ወርዱ 11 ኢንች ነው፣ 295ን ያለ ችግር ይቀበላል። የጭነት ቁጥር 105 ማለት አንዱ ጎማ 925 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ መኪናዋ የምትጠይቀው 103 ደግሞ 875 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ በጭነትም ይበልጣል። ዋይ የሚለው የፍጥነት ደረጃ (እስከ 300 ኪ.ሜ በሰዓት) በሁለቱም አንድ ነው። ቸርኬው ላይ ገባ፣ ነፋስ ያዘ፣ ባላንስ ተሠራለት። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ልኩ ያልሆነ ጎማ አልገባም ብሎ ቢያስቸግር ኖሮ ገና ማሽኑ ላይ ይታወቅ ነበር።

ስህተቱን የሚያወጣው ሒሳብ ብቻ ነው፣ ሒሳቡም ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። የ305/30 ጎን 91.5 ሚ.ሜ ነው። ሁለት ጊዜ ተወስዶ በ20 ኢንች ቸርኬ (508 ሚ.ሜ) ላይ ሲደመር የጎማው ሙሉ ዲያሜትር 691 ሚ.ሜ ይሆናል። በዚሁ ስሌት 295/35 714.5 ሚ.ሜ ይወጣዋል። የፊቱ 245/35 ደግሞ 679.5 ሚ.ሜ ነው። ፋብሪካው የኋላው ከፊቱ በ1.7 በመቶ እንዲበልጥ አድርጎ ነው ያወጣት፤ የፌራሪው ጎማ ሲገባ ልዩነቱ ከ5 በመቶ አለፈ። የፊቶቹ አልቀው 4 ሚ.ሜ ጥርስ ብቻ ስለቀራቸው እነሱም አንሰዋል፤ በእውነቱ መንገድ ላይ የነበረው ልዩነት 6 በመቶ ገደማ ነው።

ይህ በኋላ እግር ብቻ በምትነዳ መኪና ላይ ቢሆን ጉዳቱ በአብዛኛው በአነዳድና በመቆጣጠሪያዎቹ ላይ ይቀር ነበር። 4ኤስ ግን በአራቱም እግር ነው የምትጎትተው። ኃይሉን ወደ ፊት የሚልከው ከፊት አክስል ጋር የተገጠመ ባለ ብዙ ዲስክ ፍሪሲዮን ነው፤ ምን ያህል እንደሚያዝ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። በሰዓት 100 ኪ.ሜ ስትሄድ፣ በትክክለኛው ልክ፣ የፊት ጎማ ከኋላው በደቂቃ 13 ዙር ያህል ይበልጣል። በተሳሳተው ልክ ጎማዎቹ ሁሉ አዲስ ቢሆኑ እንኳ 38 ዙር ይሆናል። ያ ትርፍ ዙር የሚቃጠለው ዲስኮቹ መሀል ነው፤ ዲስክ ከዲስክ ሲፋተግ ሙቀት ይፈጠራል፣ ዘይቱ ይጎዳል፣ መያዣው ያረጃል። የመረጋጊያ ሥርዓቱም የአራቱን ጎማ ዙር እያነጻጸረ ስለሚሠራ የፊቶቹ እየተንሸራተቱ ያሉ ይመስለዋል። በማቆሚያ ውስጥ ያለው መንገራገጭ፣ ከፊት የሚመጣው ማጉረምረም፣ የዝናቡ ቀን መብራት፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ነው የሚመጡት። በአላይመንት የሚጠፋ አንድም የለም።

መኪናዋ ከፍ ስትል ሌላም ታየ። የኋላ ፓራፋንጎ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ጣሪያው ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ተፍቆ አንጸባርቋል፤ ዙሪያውን እንደ ጥላሸት የደቀቀ ጥቁር ብናኝ ይዟል። ጎማው ከቦታው ወደ ላይ ወደ 12 ሚ.ሜ ከፍ ስላለ፣ መኪናዋ ጉድጓድ ላይ በከባዱ ስትቀመጥ ይነካው ነበር።

መኪናዋ የሴራሚክ ፍሬን ያላት ናት፤ ዲስኩን የሚጨብጠው ቢጫው ካሊፐር ይናገራል። እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። በዚች ፖርሸ ላይ ቸርኬው የሚያዘው በቡሎን ነው እንጂ ከማዕከሉ በወጣ ባለ ጥርስ ዘንግ አይደለም፤ የመጨረሻው ቡሎን ሲፈታ ቸርኬው የሚንጠለጠልበት ስለሌለው ወደ ታች ይወርድና የዲስኩን ጠርዝ ይመታዋል። የብረት ዲስክ ቢጫር ነው፤ ሴራሚኩ ግን ይሸረፋል፣ ዋጋውም ከአራት ጎማ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ከመፈታታቸው በፊት በሁለት ቡሎን ቦታ ረጃጅም መምሪያ ዘንጎች ይገባሉ፣ ቸርኬው በእነሱ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል፣ ሲመለስም በእነሱ ላይ ይገባል። ዘንጎቹ ሳይኖሩት የሴራሚክ ፍሬን ያላትን መኪና የሚነካ ቤት መኪናዋን ባይቀበል ይሻላል።

ከዚያ የምርጫው ጉዳይ መጣ። ባለቤቷ የፈለጉት የኋላዎቹን ብቻ መቀየር ነበር፤ የፊቶቹ ገና 4 ሚ.ሜ አላቸው፣ ሕጉ ደግሞ እስከ 1.6 ሚ.ሜ ይፈቅዳል። ጎሚስታው ግን የፊቱን የዲኦቲ ቁጥር (ጎማው ጎን ላይ የሚታተመውን የሥሪት ቁጥር) አሳያቸው፦ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች 3215 ይላሉ፤ በ2015 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ወቅቱ 2022 ነበር። ፖርሸ ከ6 ዓመት ያለፈ ጎማ እንዳይነዳ ነው የሚመክረው፣ ጥርስ ኖረውም አልኖረውም። ጎማው እያረጀ ሲሄድ ይደርቃል፤ እርጥብ መንገድ ላይ የሚይዘው የጎማው ልስላሴ ነውና ይህ ለስፖርት መኪና ቀላል ነገር አይደለም። በእኔ እምነት እዚህ ላይ ክርክር መኖር የለበትም፣ አራቱም አብረው መቀየር ነበረባቸው፤ ተቀየሩም።

የፊቶቹ ባያረጁ ኖሮ ኋላውን ብቻ መቀየር ይቻል ነበር፣ ግን ከፊቱ ጋር በስምም በኤን ቁጥርም አንድ የሆነ መሆን አለበት። ኤን ማለት ፖርሸ በራሱ መኪና ላይ ፈትኖ ያጸደቀው ማለት ነው። ቁጥሩ ደረጃ አይደለም፤ ኤን0 የመጀመሪያው የጸደቀ ቅጂ ነው፣ ኤን1 እና ኤን2 ቀጥለው የመጡ ማሻሻያዎች። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ጎማዎች አንዱ ኤን0 ሌላው ኤን1 ከሆነ ውስጣቸው ሊለያይ ስለሚችል በአንድ መኪና ላይ አይደባለቁም። ከዚች በኋላ በመጣው፣ 992 በሚባለው የ911 ትውልድ ላይ ኤንኤ0፣ ኤንኤ1 የሚል ይታያል። ቢኤምደብሊው በኮከብ፣ መርሴዲስ በኤምኦ፣ አውዲ በኤኦ የየራሳቸውን ያመለክታሉ። አንድ ጎማ ብቻ በምስማር ቢበላሽ ደግሞ እዚያው አክስል ላይ ያሉት የሁለቱ ጥርስ ልዩነት ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ አዲሱ 7 ሚ.ሜ ከሆነ ጓደኛው ከ5 ሚ.ሜ በታች ሲሆን ሁለቱንም መቀየር ነው። ሲለካ ደግሞ የውስጠኛው ጠርዝ ይለካ። የ911 የኋላ እግር ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል መጀመሪያ የሚያልቀው ከውጭ ሲታይ የማይታየው በኩል ነው።

ለአራቱም ወቅት የሚሆን ጎማ ይሻል እንደሆነ ባለቤቷ ጠይቀው ነበር። መኪናዋ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ነው የምታሳልፈው፤ ስለዚህ የበጋ ጎማ ይበቃታል። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየጠነከረ መያዙን ያጣል፤ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ደግሞ በረዶ ሆኖ እያለ ከተንቀሳቀሰ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በቨርጂኒያ ጥር ላይ ማንቀሳቀስ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቸርኬ ላይ የክረምት ጎማ ይኑረው። የፒሬሊ ፒዜሮ ኤን1 በሁለቱም ልክ ታዘዘ፤ ሲደርስም ከመገጠሙ በፊት የአራቱም የዲኦቲ ቁጥር ተነበበ።

ገጠማው ጎሚስታው ችኮላ የማይወድበት ሥራ ነው። የድሮው ሲወጣ የነፋስ መለኪያው ሴንሰር ከቫልቩ ሥር ስላለ የማላቀቂያው ክንድ በዚያ በኩል አይጫንም። አዲሱ ሲገባ «ውጭ» የሚለው ጽሑፍ ወደ ውጭ መዋል አለበት። ጠርዙ ቸርኬው ላይ እስኪቀመጥ ከ40 ፒኤስአይ በላይ አይነፋም፤ እምቢ ካለ ነፋሱ ይለቀቅና ጠርዙ እንደገና ማንሸራተቻ ይቀባል። ቡሎኖቹ በእጅ ይጀመራሉ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠብቃሉ፣ በመጨረሻም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ መፍቻ እስከ 160 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። በነፋስ መፍቻ ማጥበቅ የለም። ግራሱ በቡሎኑ ጥርስና በራሱ ሥር ብቻ ነው የሚቀባው፤ ቸርኬውን የሚነካው ክብ ፊት ደረቅ ሆኖ ይቀራል።

የፊት አክስሉ ዘይት ለጥንቃቄ ተቀየረ፤ ኮምፒውተሩ ተነበበ፣ የተቀመጠ የቋሚ ብልሽት ኮድ አልነበረም። በዳሽቦርዱ ዝርዝር ውስጥ የጎማው ዓይነትና ልክ ተመረጠ፤ ይህ ካልተደረገ የነፋስ መቆጣጠሪያው የቀድሞዎቹን እያሰበ ይቀጥላል። ሲነዳ መሪው እስከ ጥግ ቢዞርም የሚይዛት ነገር አልነበረም። ባለቤቷ ለመጀመሪያዎቹ 200 ኪ.ሜ በዝግታ እንዲነዱ፣ ከ100 ኪ.ሜ ገደማ በኋላ ደግሞ ቡሎኖቹን በቶርክ መፍቻ ለማስፈተሽ ተመልሰው እንዲመጡ ተነገራቸው።