«ክትባቱን ጨርሷል እኮ!»

የምሠራው ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ሱፐርማርኬት ነው፤ ካሸር ነኝ። ትኩስ ዳቦ የሚገባበት ሰዓት ነበር። ጥበቃው ካርቶን ሊያወርድ ከበር ዘወር እንዳለ አንድ ደንበኛችን ውሻውን በገመድ ይዞ ገባ። ከአሜሪካ ተመልሶ እዚሁ ቤት የሠራ፣ ብዙ የሚገዛ ሰው ነው። ውሻው አፋቸው ክፍት በሆኑት የምስር ጆንያዎች መሀል እያሸተተ አልፎ፣ ዳቦ ይዘው ሂሳብ ሊከፍሉ የቆሙትን ሐጂ ጋቢ ላሰ።

«ወንድሜ፣ እባክዎ ውሻውን ውጭ ያቆዩልን» አልኩት።

«ክትባቱን ጨርሷል እኮ! ካርዱን ላሳይሽ?»

ሐጂ በእርጋታ ዞር አሉ። «ልጄ፣ እኔም ውሻ አለኝ። በቆሎዬን ከዝንጀሮ የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። በሽታ ፈርቼ አይደለም፤ ምራቁ ልብሴን ነክቶታል፣ የዐሱር ሶላት ደግሞ ደርሷል። በዚህ መስገድ አልችልም።» ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ትተው ወጡ።

ሰውየው ካርዱን ከስልኩ እየፈለገ ቀረ። ክትባት ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሐጂ የጠየቁት ግን ይህን አልነበረም። ከእስልምና የሕግ አስተምህሮዎች አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። ዳቦ ሊገዙ የወጡ አዛውንት ቤታቸው ተመልሰው ልብስ እንዲቀይሩ የምናስገድድበት ምን ምክንያት አለን? ምስሩን በኪሎ የሚገዛውስ የውሻ ፀጉር ይልቀምበት?

ሰውየው «አሜሪካ ሁሉም ውሻ ይገባል» ሲለኝም አልተቀበልኩትም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሱቆች እንዲያስገቡ የሚያስገድደው አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የሠለጠነ ውሻ ነው፤ ለቤት ውሻ እንዲህ ያለ መብት አልሰጠም። ዓይነ ስውር ሰው መሪ ውሻ ይዞ ቢመጣ በሩን የምከፍትለት እኔው ነኝ። ያ ውሻ የሰውየው ዓይን ነው።

ማታ የሱቁ ባለቤት ጠርቶ ተቆጣኝ። «ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ታስቀይሚያለሽ?» አለኝ።

«ሐጂስ ደንበኛ አይደሉም?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ዳቦ የሚገዙት ከእኛ ነው፤ ዱቤ ጠይቀው አያውቁም።

ከሳምንት በኋላ «ከመሪ ውሻ በስተቀር ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በሩ ላይ ተለጠፈ። ጽሑፉን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ያ ደንበኛችን አሁን ውሻውን ጥበቃው ጋ አስሮ ይገባል፤ ጥበቃው ውኃ ያቀርብለታል፣ ሰውየውም አልተቀየመም።

የሐጂን ዳቦ በማግስቱ ቤታቸው ድረስ ወስጄ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የሱቁ ባለቤት መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላም ብሎ ያልፋል፤ ስለዚያ ቀን እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ግን እሱ ነበር።