«ኮፒ ነው» ብቻ አይበቃም

ዛሬ ባየሁት የቤተሰብ ሳይንስ ፊክሽን ፊልም ውስጥ ሁሉም ነገር ከዚህ በፊት የታየ ነው፦ ብቸኛ ልጅ፣ ከሰማይ የመጣ ፍጡር፣ የሚያሳድዱ የመንግሥት ሰዎች። ግን «ኮፒ ነው» ብሎ መዝጋት ግምገማ አይደለም። ምን ወሰደ? የወሰደው ነገር መጀመሪያ ላይ ለምን ሠርቶ ነበር?

አንድ ልጅ ከሌላ ዓለም ከመጣ ፍጡር ጋር የሚወዳጅበትን የስቲቨን ስፒልበርግን ፊልም «ኢ.ቲ.» (እ.ኤ.አ. 1982) እንውሰድ። ካሜራው በልጆቹ ቁመት ልክ ወርዷል። ከእናትየው በስተቀር የአብዛኞቹ አዋቂዎች ፊት እስከ መጨረሻው አካባቢ አይታይም፤ የሚታየው ወገብ ላይ የሚንኳኳ የቁልፍ ዘለላና የባትሪ ብርሃን ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀረጻውም በአብዛኛው የታሪኩን ቅደም ተከተል ስለተከተለ፣ የልጁና የፍጡሩ ስንብት ጋ ሲደረስ የልጆቹ ስሜት በእውነት ተገንብቶ ነበር።

የዛሬው ፊልም አሳዳጆቹን ወሰደ፣ ካሜራውን ግን አዋቂ ቁመት ላይ አቆመው። ገና ሲገቡ ፊታቸው ታየ፣ ረጅም ንግግርም አደረጉ። ማን ይፈራቸዋል?

ከዚህ የባሰው የፍጡሩ ኃይል ነው። ቁስል ማዳን ይችላል፤ ግን አይደክምም፣ ምንም አይከፍልም። በመጨረሻው ፍልሚያ ደግሞ ቀድሞ ፍንጭ ያልተሰጠበት አዲስ ችሎታ አወጣ፤ ልጁ መወሰን የነበረበትን ነገር ነጠቀው። የቤተሰብ ፊልም ከምንም በላይ የልጁን ውሳኔ ማክበር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ፈጣን መፈተኛ፦ የስንብቱን ትዕይንት ድምፅ አጥፍታችሁ እዩት። ያለ ሙዚቃው ፊቶቹ ምንም ካልነገሯችሁ፣ ስሜቱን የተሸከመው ሙዚቃው ብቻ ነበር።