«ባለቤቴ ሲመጣ ነዋ!»

ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። የምሠራው ሞጆ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ ባለች ፋርማሲ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደቡ ስላለ ቀንም ሌሊትም ተሳቢ መኪና አይጠፋባትም። ደንበኞቻችን ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። የሹፌር ሚስቶችም ብዙ ነበሩ።

የእርግዝና መከላከያ ልትገዛ የመጣች ሴት ገና ከበር ትታወቃለች። ቆም ትላለች። ውስጥ ሰው ካለ የጥርስ ሳሙና ታያለች፣ የሕፃን ቅባት አንስታ መልሳ ታስቀምጣለች። ሰው ሲወጣ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «ያንን ኪኒን ስጠኝ።» አንዳንዷ ስሙን ላለመጥራት ባዶውን ካርቶን አጣጥፋ በመዳፏ ይዛ ትመጣለች።

እኔም ፊቷን ቀና ብዬ ሳላይ እሽጉን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ እሰጣታለሁ። ብሩን እቀበላለሁ። አለቀ። እንዳላሳፍራት ብዬ ነበር። ዝም ማለቴ አክብሮት ይመስለኝ ነበር፤ ከልቤ።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ሁልጊዜ አንድ እሽግ ነው የምትገዛው። ብሩን ቆጥራ፣ አስተካክላ፣ በእጇ ይዛ ነው የምትገባው። ቶሎ ብላ እንድትወጣ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሰው እስኪወጣ አልጠበቀችም። ባንኮኒው ጋ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። በመሃላቸው አልፋ እሽጉን ፊቴ አስቀመጠችው።

«ይሄ ኪኒን ምንድነው የሸጥክልኝ ዶክተር? ጤና ጣቢያ ተመርምሬ አርግዘሻል አሉኝ!»

ደነገጥኩ። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜው ማለፉን ነበር። አላለፈም። ገና ከዓመት በላይ ይቀረዋል። ከዚያ ኪኒኑን ከካርቶኑ አወጣሁት።

ብዙ ሰው ይህን እሽግ ያውቀዋል። 28 ፍሬ አለው። 21ዱ ነጭ ናቸው፣ መከላከያው ሆርሞን ያለው እነሱ ውስጥ ነው። የቀሩት 7ቱ ቡናማ የብረት ኪኒኖች ናቸው። ከነጮቹ የጎደሉት ስድስት ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ከላይኛው መስመር፣ አንዱ ከመሃል፣ ሦስቱ ከታች። ቀስቱን ተከትላ አልሄደችም። አውራ ጣቷ ያረፈበትን ነው የበሳችው።

«መቼ መቼ ነው የምትወስጂው እህቴ?»

«ባለቤቴ ሲመጣ ነዋ! እሱ በሌለበት ለምን እውጣለሁ?»

ባለቤቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። በአሥር ቀን፣ አንዳንዴም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። ሁለት ሌሊት አድሮ ይሄዳል። እሷም በእነዚያ ሌሊቶች አንዳንድ ፍሬ ትውጣለች። ራሱን ያመመው ሰው የራስ ምታት ኪኒን የሚውጠው ሲያመው ነው፣ የእሷም ሐሳብ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሌላ የነገራት ሰው የለም። ይሄ ኪኒን እንቁላል ከማኅፀን ጎን ካለው የእንቁላል ዕጢ እንዳይወጣ አድርጎ የሚይዘው በየቀኑ ሲወሰድ መሆኑን፣ ለመያዝም ተከታታይ ሰባት ቀን እንደሚፈልግ ማን ይንገራት?

ላስረዳት ጀመርኩ። በየቀኑ ነው፣ በተመሳሳይ ሰዓት ነው እያልኩ። አቋረጠችኝ።

«ታዲያ አንተ መቼ ነገርከኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለቱ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። እሽጉን ባንኮኒው ላይ ትታው ወጣች።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ያሳጣኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ እሽግ ለ28 ቀን ነው። በትክክል የምትወስድ ሴት በዓመት 13 ጊዜ ትመጣለች። ይህቺ ሴት በሦስት በአራት ወር አንዴ ነበር የምትመጣው። ፊቷን አውቀዋለሁ፣ ብሩን እንዴት እንደምትይዝ ሁሉ አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ያለፈው መቼ አለቀ?» ብያት ቢሆን ነገሩ ያኔ ይወጣ ነበር። ነገሩ ፊት ለፊቴ ነበር፣ እኔ አልቆጠርኩም።

ሰኞ ጠዋት የፋርማሲውን ባለቤት አነጋገርኩት። ባንኮኒው ጥግ ላይ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ አንድ ወንበር አስቀመጥን። የደም ግፊት መለኪያውንም ወደዚያ አዛወርነው። ግፊት ለመለካት የተቀመጠች ሴት ምን እያወራች እንደሆነ ማንም አይጠይቃትም። መለካቱ ደግሞ ለይስሙላ አይደለም። ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት፣ ወይም ዕድሜዋ ከ35 በላይ ሆኖ ሲጋራ የምታጨስ ሴት ይህን ዓይነት ኪኒን መውሰድ የለባትም።

መጠየቅ ስጀምር የሰማሁት ነገር ብዙ ነው። አንዷ ከእህቷ ጋር አንድ እሽግ ለሁለት ተካፍለው እየወሰዱ ነበር። አንዷ ሁለት ቀን ረስታ «አልፏል» ብላ ሙሉ በሙሉ ትታው ነበር። ሁለት ቀን የዘለለ ሰው መጨረሻ የረሳውን ፍሬ ወዲያው ወስዶ፣ የቀረውን እየቀጠለ፣ ሰባት ቀን ኮንዶም መጠቀም እንዳለበት አታውቅም። አንዷ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረች ሁለተኛ ወሯ ነው። ሽንት የሚያቀላው ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት የኪኒኑን ሆርሞን ጉበት ውስጥ ቶሎ እንዲሰባበር ያደርገዋል። ኪኒኑን በየቀኑ ሳታዛንፍ ብትውጥም ላያስተማምናት ይችላል። በሦስት ወር የሚወጋውን መርፌ ግን ሪፋምፒሲን አያዳክመውም። ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት። እነዚህ ሁሉ እንደ ድሮው ቢሆን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ የምሸኛቸው ሴቶች ነበሩ።

እኛ አገር ይህን ኪኒን ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ማዘዣ መግዛት የተለመደ ነው። ጥሩም ነው። አሜሪካ ውስጥ በየቀኑ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ነው። ማንም ሴት አንድ ኪኒን ለመግዛት ወረፋ ይዛ ካርድ አውጥታ ግማሽ ቀን መዋል አለባት አልልም። ግን ሐኪሙ ከመሃል ሲወጣ የሚቀረው ባንኮኒው ጋ የቆመው ሰው ብቻ ነው። እሱ ዝም ካለ ማን ይናገራል?

ያቺ ሴት ለብዙ ወራት ወደ እኛ አልመጣችም። ከመንገድ ማዶ ስታልፍ አያታለሁ። ሆዷ እየገፋ ሄደ። ሰላም ልላት እፈልግና ድፍረቱን አጣለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጇን አዝላ ገባች። አራት ወሯ የሆነ ሴት ልጅ። ቀጥ ብላ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬስ አትጠይቀኝም?» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። «ያለፈውን ተወው» አለች። ከዚያ ግፊቷን ለካሁ፣ ደህና ነው። ልጅቷ ጡት ብቻ ነው የምትጠባው። እንግዲያው የድሮውን ኪኒን አልሸጥልሽም አልኳት፣ ወተት ሊቀንስ ስለሚችል ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው አይመረጥም። ለሚያጠቡ እናቶች የሚሆን ሌላ ኪኒን አለ። መርፌም አለ። ክንድ ውስጥ ተቀብሮ ሦስት ዓመት የሚያገለግልም አለ፣ ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። እሱ ባል መጣ አልመጣ ብሎ ማስታወስ አይፈልግም።

«ያማል?»

«ቦታውን ያደነዝዙታል።»

ትንሽ አሰበች። «እሱ ግን ዛሬ ማታ ይገባል» አለች። ኮንዶም ሰጠኋት። ጤና ጣቢያው ውስጥ የትኛው ክፍል እንደሆነ በወረቀት ጻፍኩላት።

በማግስቱ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ባንኮኒው ጋ ሰው ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ ቆማ አየኋት። አልገባችም። የግራ ክንዷን ከነጠላዋ አውጥታ የተጠመጠመበትን ነጭ ፋሻ አሳየችኝና መንገዷን ቀጠለች።