የፀሐይን ነፋስ ከደብረ ማርቆስ መመዘን፦ አንድ ብዜትና አንድ ጉድጓድ

ፀሐይ በየሰከንዱ ስንት ቶን ነፋስ (ከእሷ የሚፈስ፣ በአብዛኛው ፕሮቶን የሆነ የቅንጣት ጅረት) ወደ ጠፈር እንደምትለቅ ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ብዜት ብቻ ነው። ጊዜ የሚበላው ወደ ብዜቱ የሚገቡትን ቁጥሮች ማበጠሩ ነው። ስሌቱን ከጨረስኩ በኋላ ያው ነፋስ መሬት ላይ ሲደርስ በተንጠለጠለ መግነጢስ ለማየት ሞከርኩ። ይኛው ደግሞ ከስሌቱ የባሰ ማበጠር ይፈልጋል። ሁለቱንም እንዴት እንደሠራሁና የት እንደሳትኩ ልጻፍ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መረጃው በነጻ ይገኛል። ከመሬት ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ኤል1 በሚባለው ቦታ፣ ነፋሱን እየለኩ የሚልኩ መንኮራኩሮች አሉ፤ በ1994 የተነሣው ዊንድና በ1997 የተነሣው ኤስ ከእነሱ ናቸው። ናሳ ደግሞ ከ1963 ጀምሮ የተሰበሰበውን የየሰዓቱን ንባብ ኦምኒ በሚባል አንድ ስብስብ አኑሮታል። የአንድ ዓመቱ 8,760 ረድፍ ያለው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በቀርፋፋ የስልክ ኢንተርኔትም ይወርዳል። እኔ ከዓምዶቹ ውስጥ አምስቱን ብቻ ወደ ኤክሴል አስገባሁ፦ ዓመት፣ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ፣ ሰዓት፣ የፕሮቶን ብዛት በሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰከንድ።

ቀመሩ፦ በሰከንድ የሚጠፋው መጠነ ቁስ = 4πr² × እፍግታ × ፍጥነት። እፍግታው የፕሮቶን ብዛት በአንዱ ፕሮቶን መጠነ ቁስ ሲባዛ ነው። r ከፀሐይ እስከ መሬት ያለው 1.496×10¹¹ ሜትር ነው። ስለዚህ ፀሐይን መሃሉ ያደረገው ሉል 2.81×10²³ ካሬ ሜትር ገጽ አለው። አንድ ፕሮቶን 1.67×10⁻²⁷ ኪሎ ግራም ነው። ሴንቲ ሜትር ኩቡን ወደ ሜትር ኩብ፣ ኪሎ ሜትሩን ወደ ሜትር ቀይሮ ሁሉንም አንድ ጊዜ ማባዛት ይሻላል፤ የሚወጣው ወደ 470,000 ነው። ከዚያ ወዲያ በየረድፉ ብዛት × ፍጥነት × 470,000 ብሎ ኪሎ ግራም በሰከንድ ማግኘት ነው። በተለመደ ቀን 5 ፕሮቶን በ400 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይመጣል፤ 9.4×10⁸ ኪሎ ግራም ይሰጣል። በ100 ፕሮቶን 4 ያህል ሂሊየም አብሮ አለ፤ እያንዳንዱ አራት ፕሮቶን ስለሚከብድ 16 በመቶ ይጨመርበትና ወደ 1.09 ሚሊዮን ቶን በሰከንድ ይደርሳል። 10 ቶን የሚጭን መኪና 109 ሺህ ጊዜ ማለት ነው፣ በአንድ ሰከንድ።

የመጀመሪያው ውጤቴ ግን ከዚህ በመቶ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱ መሣሪያው ያልለካበት ሰዓት ባዶ ሆኖ አለመቀመጡ ነው፤ የብዛቱ ዓምድ ላይ 999.9፣ የፍጥነቱ ላይ 9999 ይጻፋል። ከ100 ረድፍ ሁለቱ ብቻ እንዲህ ቢሆኑ የብዛቱ አማካይ ከ5 ወደ 25 ይዘላል፤ የብዜቱ አማካይ ደግሞ 100 እጥፍ ያድጋል። መጀመሪያ እነዚህን ረድፎች ማውጣት፣ ቀጥሎ የቀረው ረድፍ ስንት እንደሆነ መቁጠር ነው።

ሁለተኛው ስህተት ረቂቅ ነው። የብዛቱን አማካይ ለብቻ፣ የፍጥነቱን አማካይ ለብቻ አውጥቶ ማባዛት ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ፈጣኑ ነፋስ ስስ፣ ቀርፋፋው ወፍራም ስለሆነ ሁለቱ በተቃራኒ ይሄዳሉ። በየረድፉ ማባዛት ይቀድማል፣ አማካዩ ይከተላል።

ሦስተኛው የእኛው ጣጣ ነው፦ ሰዓት። መረጃው የተጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመለወጥ ሦስት ሰዓት ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም፤ ሦስት ተደምሮ ስድስት ስለሚቀነስ። እነሱ 9 ያሉት በእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው። ለዓመታዊ አማካይ ለውጥ የለውም፤ ወደ ታች ለምጽፈው መግነጢስ ግን ይህን የሳተ ሰው የሌላ ማዕበል ሲፈልግ ይውላል።

እነዚህ መንኮራኩሮች የሚለኩት መሬት በምትዞርበት ጠለል ላይ ያለውን ነፋስ ብቻ ነው፤ ሉሉ ሁሉ እንዲሁ ነው ብሎ ማባዛት ድፍረት ይመስላል። በ1990 የተነሣው ዩሊሲስ በፀሐይ ዋልታዎች ላይ ሲያልፍ 750 ኪሎ ሜትር በሰከንድ የሚሮጥ፣ ግን ስስ ነፋስ አገኘ። ፍጥነቱ ሲጨምር ብዛቱ ስለሚቀንስ ብዜቱ ብዙም አይርቅም፤ ድፍረቱ ያን ያህል አያስቀጣም።

በዓመት ሲሰላ ኪሳራው ከፀሐይ መጠነ ቁስ 1.7×10⁻¹⁴ ነው። ዛሬ ባለው መጠን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ቢቆጠር ከአሥር ሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ብርሃኗ ራሱ ከነፋሷ ይልቅ ያከሳታል፤ የምታበራውን ኃይል በብርሃን ፍጥነት ካሬ ብናካፍል 4.3 ሚሊዮን ቶን በሰከንድ ይወጣል።

ለሌሎች ከዋክብት የተለመደው አቋራጭ ሬይመርስ በ1975 ያወጣው ቀመር ነው፦ 4×10⁻¹³ × ብርሃን × ራዲየስ ÷ መጠነ ቁስ፣ ሁሉም በፀሐይ ልክ። ለቀይ ግዙፍ ኮከብ ቤቴልጁስ ብርሃኑን 100,000፣ ራዲየሱን 760፣ መጠነ ቁሱን 17 ባስገባ በዓመት ወደ 2×10⁻⁶ የፀሐይ መጠነ ቁስ ወጣልኝ፤ በምልከታ ከሚነገረው 10⁻⁶ አካባቢ ጋር ይቀራረባል። ለፀሐይ ግን ሦስቱም 1 ስለሆኑ 4×10⁻¹³ ይሰጣል፤ ከላይ ከመዘንነው ከ20 እጥፍ በላይ። ቀመሩ የተቃኘው ለቀይ ግዙፎች ነው። የእነሱ ነፋስ ወፍራምና ዘገምተኛ ነው፣ የፀሐይ ደግሞ ኮሮና ከሚባለው ከጋለው የውጭ ከባቢዋ የሚፈነዳ፤ ለአንዱ የተሰፋው ለሌላው አይሆንም።

አሁን መግነጢሱን ወዳስቀመጥኩበት ጉድጓድ። የነፋሱ ግፊት (እፍግታ × ፍጥነት ካሬ) በድንገት ሲጨምር የመሬትን የመግነጢስ መስክ ይጨብጠዋል፤ ግፊቱ ከ1.3 ወደ 12 ናኖፓስካል ቢዘል መሬት ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 17 ናኖቴስላ (የመግነጢስ መስክ መለኪያ) ይጨምራል። የሚሰራጨው የማሰሮ መግነጢስ (በማሰሮ ውስጥ በክር ተንጠልጥሎ የመስኩን ለውጥ የሚያሳይ መግነጢስ) አሠራር ግን ለሰሜን አገሮች የተጻፈ ነው፤ የተንጠለጠለው መግነጢስ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ሲወዛወዝ ያያል። የመግነጢስ ወገብ፣ ማለትም የመሬት መስክ አግድም የሚሆንበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ እኛ ዘንድ መስኩ ወደ 36,000 ናኖቴስላ ሆኖ ወደ ሰሜን የተጋደመ ነው፣ ለውጡም በዋናነት በዚያው በሰሜን አቅጣጫ ነው። ወደ ሰሜን ያየ መግነጢስ ሰሜን ሲጠነክርና ሲደክም አይንቀሳቀስም። ለሳምንታት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ያየሁት ለዚህ ነበር።

መፍትሔው መግነጢሱን አስገድዶ ወደ ምሥራቅ ማዞር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኒዮዲሚየም (ጠንካራ መግነጢስ) ከሰሜን መስመር 27 ዲግሪ ሸሽቶ፣ ከተንጠለጠለው 12.3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲቀመጥ የሰሜኑን መስክ ያጠፋና 18,000 ናኖቴስላ የሚሆን የምሥራቅ መስክ ይተዋል። ቦታውን በሚሊ ሜትር እያንቀሳቀሱ ማግኘት ነው፤ ከተገኘ በኋላ ሁለቱንም በአንድ መስታወት ላይ በሙጫ ማጣበቅ፤ 1 ሚሊ ሜትር መንሸራተት ከ900 ናኖቴስላ በላይ ያሳስታል። መስቀያው የጥጥ ፈትል አይሁን፤ እርጥበት በጠጣ ቁጥር ይፈታል፣ ይከርራል። አንድ ዘለላ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሻላል። ከሥሩ የወፍራም አሉሚኒየም ድስት ክዳን ሲደረግ ውዝዋዜው ቶሎ ይሞታል። በላዩ በተጣበቀ ትንሽ መስታወት ሌዘር ተንጸባርቆ በጠቅላላው 3 ሜትር ሄዶ ሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ 17 ናኖቴስላ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልኬቱን ለመፈተሽ በ50 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ 5 ዙር ሽቦ ጠምጥሞ በ1.5 ቮልት ባትሪና በ150 ኦም ሬዚስተር 10 ሚሊ አምፔር መላክ፤ መሃሉ ላይ 63 ናኖቴስላ ይፈጠራል፣ ብርሃኑም 21 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት።

ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ኒዮዲሚየም በአንድ ዲግሪ 0.12 በመቶ ያህል ይደክማል፤ ይህ ብቻውን 43 ናኖቴስላ፣ በወረቀቱ ላይ 14 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ላይ በወገቡ አናት የሚፈሰው የከባቢ አየር ኤሌክትሪክ መስኩን በየቀኑ እኩለ ቀን አካባቢ ከፍ ያደርገዋል፤ ሙቀቱም በዚያው ሰዓት ይነሣል። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ ደረጃውን ማንበብ ትቼ ዝላዩን ብቻ ማየት ጀመርኩ፤ ሙቀት በሰዓታት ይሄዳል፣ ነፋሱ በደቂቃዎች ይመታል። የሚዘልና የሚመለስ በአጠገብ ያለፈ ባጃጅ ነው፤ የሚዘልና እዚያው የሚቆይ ግን ኤል1 ላይ ቀድሞ መታየት አለበት፤ በ600 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሚመጣ 42 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ።

ሙቀቱን ለማርገብ መሣሪያው በጭቃ ቤት ወለል ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ፣ ዙሪያው በጭድ ተጠቅጥቆ ተቀመጠ፤ ብርሃኑን በ45 ዲግሪ የተጋደመ ሌላ መስታወት ወደ ጣሪያ ያወጣዋል። የሌዘሩ ባትሪ ልባሱ ብረት ስለሆነ በሽቦ አርቆ ማስቀመጥ ነው። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውኃ አመነጨና በርሜሉን እንደ ታንኳ አንሳፈፈው። ማክበጃ ብዬ ከግቢ ያነሣሁት ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ማመጣጠኛውን በሙሉ አዛባው፤ የጎጃም ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ስለሆነ ራሱ መግነጢስ ነው፣ ኮምፓስ አስጠግቶ ማየት ይበቃል። አሁን በርሜሉን ይዞ ያለው ከደጀን በታች ከዓባይ በረሃ የመጣ የኖራ ድንጋይ ነው።